ሽታን መሸፈንና የሽታን ምንጭ መድፈን

ቤቱን አሳምሮ የሠራ፥ ግድግዳውን ኖራ ያስቀባ፥ ደጁን ያስጠረገ ሰው እንግዳ በጠራበት ቀን ከግቢው ጥግ የሚነሣ ክፉ ሽታ ቢያሳፍረው ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስለዋል። እንግዳው በትሕትና ዝም ይላል፤ ባለቤቱም እንዳላወቀ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱም ያውቁታል። ከዚህ በኋላ በብዙ ቤት የሚደረገው አንድ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ በከሰል ላይ ዕጣን ይጨመራል፤ በሰገራ ቤቱም ከገበያ የተገዛ ሽቱ ወይም ኀይለኛ የማጽጃ መድኀኒት ይፈስበታል። ሽታው ለጥቂት ሰዓት ይሸፈናል፤ በማግሥቱ ግን በነበረበት ይገኛል።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ሲሉ የተናገሩት ለሥጋ ደዌ ብቻ አይደለም፤ ለቤትም ይሆናል። ከፍሳሽ ጕድጓድ የሚወጣ ሽታ ጥፋት መኖሩን የሚናገር ምስክር ነው። የምስክርን አፍ መዝጋት ነገሩን አያስቀረውም፤ የሚለውን ሰምቶ ወደ ነገሩ ሥር መሄድ ግን ቤትንም ጐረቤትንም ያድናል። ስለዚህ ቤት ያለው ሁሉ፥ ይልቁንም ሕዝብን የሚያስተዳድር ሹምና ሕዝብን የሚያስተምር ካህን፥ ይህ ምስክር ምን እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል ሊያውቅ የተገባ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ጕድጓዱ የሚሠራውን ሥራ ማስተዋል ያስፈልጋል። የከተማው የፍሳሽ መሥመር በማይደርስበት ሠፈር፥ ቤቱ የቧንቧ ውሃ ያለው ሲሆን፥ ከሰገራ ቤት፥ ከመታጠቢያና ከወጥ ቤት የሚወጣው እድፍ በቱቦ ሄዶ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ ወደ ተገነባ ሣጥን ይገባል። ይህን ሣጥን ሕዝቡ በፈረንጅ ቃል ሴፕቲክ ታንክ ይለዋል። አሠራሩን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳይ አገር ዣን ሉዊ ሙራ የተባለ ሰው ጀመረው፤ ስሙን ያገኘው ግን በ1895 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ዶናልድ ካሜሮን የተባለ መሐንዲስ ለከተማው ፍሳሽ በሠራው ጊዜ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ እድፉ በሦስት ይከፈላል። ከባዱ ወደ ታች ወርዶ ዝቃጭ ይሆናል፤ ስቡና ቀላሉ ነገር ወደ ላይ ተንሳፎ እንደ ወተት ስልባቦት ይጋግራል፤ በመካከል የቀረው ውሃ ወደ ማስረጊያው ጕድጓድ አልፎ ቀስ በቀስ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ አፈሩም ያጣራዋል። አየር በማይገባበት በዚያ ጨለማ ውስጥ ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ዝቃጩን ይበሉታል፤ መጠኑንም ያሳንሱታል። ሲበሉትም ጋዝ ይወጣል። ከነዚህ ጋዞች አንዱ ሜቴን ይባላል፤ ሽታ የለውም፤ ነገር ግን ከመቶ እጅ ከ5 እስከ 15 እጅ ሆኖ ከአየር ጋራ ሲደባለቅ እሳት ቢነካው ይፈነዳል። እንደ ተበላሸ እንቍላል የሚሸተው ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ነው፤ ይህ ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ በጕድጓድና በዝቅተኛ ሥፍራ ይተኛል።

እንግዲህ ጋዝ ለምን ኖረ ተብሎ አይጠየቅም፤ ጥቃቅኖቹ ሕያዋን ሥራቸውን ሲሠሩ ጋዝ መኖሩ ግድ ነውና። የሚጠየቀው በየት በኩል ይወጣል ተብሎ ነው። በደኅና የተሠራ ጕድጓድ ጋዙን ሰው ከሚተነፍስበት በላይ አሳልፎ ለነፋስ ይሰጠዋል። ክፉ ሽታ የሚሸተው ጋዙ መንገዱን ስቶ ወደ ሰው ሲመጣ ነው። መንገዱን የሚስትባቸውም በሮች አምስት ናቸው፤ ፍለጋው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆን በተራ መመርመር ይገባል።

መጀመሪያው በር በቤት ውስጥ ነው። በያንዳንዱ መታጠቢያና በወለል ውሃ መውረጃ ሥር ሲፎን የሚባል ጠማማ ቱቦ አለ። ጠማማ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጕብጠቱ ውስጥ ዘወትር ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ያም ውሃ እድፉን ያሳልፋል፥ ጋዙን ግን ይከለክላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1775 ዓ.ም. አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ ይህን ጠማማ ቱቦ ከሰገራ ቤት ጋራ አጋጥሞ የባለቤትነት መብት ተቀበለበት፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከዚህ የቀለለና የረከሰ መዝጊያ አልተገኘም። ነገር ግን መዝጊያነቱ በውሃው ነው። በእንግዳ ክፍል ያለ መታጠቢያ ለሳምንታት ሳይሠራበት ሲቀር፥ ወይም የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን፥ ውሃው ይደርቅና መዝጊያው እንደ ተከፈተ በር ይሆናል። መድኀኒቱ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ነው። ጕድጓዱን በብዙ ገንዘብ ካስመጠጡ በኋላ ሽታው ያልለቀቃቸው ሰዎች አንድ ጣሳ ውሃ ሊያድናቸው ይችል እንደ ነበር የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ሠራተኛው ከነጭራሹ ሲፎን ሳያገባ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ያወረደው እንደ ሆነ ግን ውሃ ማፍሰስ አይጠቅምምና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በር የአየር ማስወጫው ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ከጣራው በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጥቶ ለነፋስ መጋለጥ አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከግድግዳው ግማሽ ላይ ይቀራል፤ አንዳንዱም ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ያበቃል። ምሽት በሆነ ጊዜ፥ ነፋስ ጸጥ ሲልና ብርዱ አየሩን ወደ ታች ሲጫነው፥ ከአጭሩ ቱቦ የወጣው ጋዝ በግቢው ላይ ይረበባል። ቀን የማይሸት ግቢ ማታና ማለዳ የሚሸት ከሆነ ይህን ቱቦ መጠርጠር ይገባል። ቱቦው ረጅም ቢሆንም እንኳ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ወይም ቅጠል ገብቶበት የተደፈነ እንደ ሆነ ሥራውን አይሠራም። በተደፈነም ጊዜ ከሰገራ ቤት የሚወርደው ብዙ ውሃ አየር ሲያጣ የሲፎኑን ውሃ ስቦ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ መታጠቢያው ሲንቋቋ ይሰማል። እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ወደ ጣራው ይመልከት። ቱቦውንም ሲያስረዝም ከጐረቤቱ ፎቅ መስኮት ትይዩ እንዳይሆን ያስተውል፤ ሽታውን ከራሱ አርቆ ለሌላው ቢሰጥ ለውጦታል እንጂ አላስወገደውምና።

ሦስተኛው በር የጕድጓዱና የፖዜቶው ክዳን ነው። ክዳኑ ሲሰነጠቅ፥ ጠርዙ ሲሸረፍ፥ ወይም መምጠጫ መኪና መጥቶ ከከፈተው በኋላ በዘፈቀደ ሲመለስ ሽታው በዚያ ይወጣል። ስንጥቁ በሲሚንቶ ይመረጋል፤ ጠርዙም ለሌላ ጊዜ እንዲከፈት ሆኖ ይገጠማል። የበሰበሰ ሳንቃ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ለክዳን አይሆንም። ይህ ስለ ሽታ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በግቢ ውስጥ ሕፃናት ይሮጣሉና።

አራተኛው በር መሙላት ነው። ዝቃጩ ከሣጥኑ ሢሶ ያህል ሲደርስ መመጠጥ ይገባዋል፤ ይህም እንደ ቤተሰቡ ብዛትና እንደ ሣጥኑ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይሆናል። ጕድጓዱ እስኪገነፍል የሚጠብቅ ሰው ዝቃጩ አልፎ ወደ ማስረጊያው ስለሚገባ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍንበታል፤ ሁለተኛ ጕድጓድም ለማስቈፈር ይገደዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው መምጠጥ የተደረገበትን ቀን በቤት መዝገብ ላይ መጻፍ ቀላል ልማድ ሲሆን ብዙ ኪሣራ ያስቀራል።

አምስተኛው በር አፈሩ ነው። ማስረጊያው በዋልካ አፈር ላይ የተሠራ እንደ ሆነ ውሃው ቶሎ አይሰርግም፤ በክረምትም አፈሩ በዝናብ ስለሚጠግብ ፍሳሹ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። በማስረጊያው አካባቢ መሬቱ ሲረጥብ፥ ሣሩም ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ሲለመልም፥ ምልክቱ ይህ ነው። የጣራን አሸንዳ ወደ ጕድጓዱ ያስገባ ሰው ጥፋቱን በእጁ ያመጣ ነው፤ የዝናብ ውሃ ለብቻው መሄድ አለበትና። ሥሩ ብዙ የሆነ ዛፍም በማስረጊያው ላይ አይተከልም፤ መኪናም አይቆምበትም። አፈሩ ውሃ የማይቀበል መሆኑ አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ሥፍራው ወይም አሠራሩ ይለወጥ ነበር፤ ስለዚህ ቤት ከመሠራቱ በፊት ጕድጓድ ቈፍሮ፥ ውሃ አፍስሶ፥ በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ መፈተን የብልህ ሰው ሥራ ነው።

አምስቱን በሮች ሳይመረምሩ መድኀኒት በማፍሰስ ብቻ ሽታን ለማጥፋት መሞከር ጕዳትም አለበት። በረኪናና አሲድ በብዛት ወደ ጕድጓዱ ሲገባ ዝቃጩን የሚበሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ይገድላቸዋል፤ ሥራው ይቆማል፤ ጕድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ይልቁንም በረኪናን ከአሲድ ጋራ ማደባለቅ ሳንባን የሚያቃጥል ክሎሪን የተባለ መርዝ ጋዝ ስለሚያወጣ በዝግ ሰገራ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። ጕድጓድን ከመመጠጥ ያድናል እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትም ቢሆን የተከማቸውን አሸዋና ዝቃጭ ከሥፍራው አያስነሣውም። ስብ፥ የቡና አተላ፥ ቀለምና ነጭ ጋዝ ወደ መውረጃ አለማፍሰስ ከማናቸውም ዱቄት ይበልጣል። ዕጣንም የጸሎት ነው፤ የተሰነጠቀ ክዳን ማስተባበያ እንዲሆን አልተሰጠም።

ይህ ሁሉ የተነገረው ሽታ ምስክር ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ምስክር ያላየውን አይመሰክርም፤ ሽታ የሌለው ጕድጓድ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ይህን የሚያስረዳ ታሪክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተደርጓል።

በዚያ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ሶሆ በሚባለው ሠፈር በብሮድ ጐዳና አካባቢ ኮሌራ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞችና ሹማምንት አብዛኞቹ በሽታ የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን በሽታው በውሃ የሚተላለፍ መሆኑን ተናግረው፥ የሞቱት ሰዎች የቀዱበትን ውሃ መርምረው፥ በብሮድ ጐዳና የነበረው የውሃ መቅጃ እጀታ እንዲነቀል አደረጉ። ነገሩን ለማመን ያስቸገረውም የዚያ ጕድጓድ ውሃ በሠፈሩ የተመሰገነ መሆኑ ነው፤ ጣዕሙን ወድደው ከሩቅ ሠፈር የሚያስቀዱም ነበሩ።

በሠፈሩ በቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ረዳት ካህን የነበሩት ሄንሪ ኋይትሄድ የዶክተሩን ቃል አልተቀበሉትም። ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ብለውም ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። ምእመናኑን በስም ያውቁ ነበርና ሰው ለባለሥልጣን የማይነግረውን ለእርሳቸው ነገራቸው። በጠየቁም መጠን ነገሩ እንደ ዶክተሩ ቃል ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻም በብሮድ ጐዳና በቁጥር 40 ቤት አንዲት ሕፃን ከሌሎቹ አስቀድማ እንደ ታመመች፥ እናቷም የሕፃኒቱን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ በቤቱ ፊት ለፊት ባለው የፍሳሽ ጕድጓድ እንዳፈሰሰችው አረጋገጡ። ጕድጓዱ ተቈፍሮ ሲታይ ጡቡ ተናግቶ፥ በዙሪያው ያለው አፈር በፍሳሽ ርሶ ተገኘ፤ ከመጠጥ ውሃው ጕድጓድም ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ያነሰ ነበር። ካህኑም የያዙትን አሳብ ትተው እውነቱን መሰከሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1858 ዓ.ም. የበጋው ሙቀት በበረታ ጊዜ እድፍ የሚፈስበት የቴምዝ ወንዝ ሽታ በወንዙ ዳር ያለውን የምክር ቤት አስጨነቀ። በመጀመሪያ የተደረገው ሸፋፍኖ ማለፍ ነበር፤ የመስኮቱ መጋረጃ በኖራ ክሎራይድ ተነከረ። ይህ ምንም ባልጠቀመ ጊዜ ሕግ ወጣ፤ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም እድፉን ከከተማው የሚያርቁ ታላላቅ የፍሳሽ መሥመሮች ሠሩ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የሸሹት ሽታውን ነበር፤ ሳያውቁት ግን ውሃውን ከእድፍ ለዩት። በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ወደ ለንደን ሲመለስ ብርቱ ጥፋት ያደረሰው ሥራው ገና ባልተፈጸመበት በምሥራቁ የከተማ ክፍል ነበር። መጋረጃ መንከር ማንንም አላዳነም፤ ምንጩን ማራቅ ግን አዳነ።

ይህ የሩቅ አገርና የቀድሞ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ዞን የተነሣው ኮሌራ በሚከተሉት ዓመታት ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። በግቢው የውሃ ጕድጓድ የሚቈፍር ሰው ከማናቸውም የሰገራ ወይም የፍሳሽ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ሊያርቀውና ከፍ ባለው ወገን ሊያደርገው ይገባል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ይህ የማይቻል ሲሆን ውሃውን ሳያፈሉ ወይም ሳያክሙ አለመጠጣት ነው። ርቀቱም የሚለካው ከራስ ጕድጓድ ብቻ ሳይሆን ከአጥር ማዶ ካለው ከጐረቤቱም ነው፤ አፈር አጥር አያውቅምና።

ሽታ ዝም የሚልበት ሌላ ሥፍራ ደግሞ አለ፤ ይህኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ሳይሞላ አፍንጫ ያውቀዋል። ከሚሊዮን እጅ 100 ያህል ሲደርስ ግን የማሽተት ኀይልን በጥቂት ደቂቃ ያደነዝዛል፤ ሰውየውም ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከሚሊዮን እጅ ከ700 እስከ 1000 ሲሆን ወዲያው ይጥላል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ወደ ፍሳሽ ጕድጓድ የወረደ ሰው አሁንስ አይሸትም ቢል ዘበኛው ሞቷል እንጂ ጠላቱ አልሄደም።

በዚህ ምክንያት የሚደርሰው አደጋ በየአገሩ አንድ ዓይነት መልክ አለው። አንድ የቀን ሠራተኛ ጕድጓዱን ሊጠርግ ወይም የወደቀ ዕቃ ሊያወጣ ይወርዳል፤ ወዲያው ይወድቃል። ወንድሙ ወይም ባልንጀራው ሊያወጣው ብሎ ይወርዳል፤ እርሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የገደላቸው ፍቅርና አለማወቅ ናቸው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። ያለ መተንፈሻ መሣሪያ፥ ያለ ገመድና ያለ ጠባቂ ማንም ወደ ፍሳሽ ጕድጓድ አይወርድም፤ ሥራው ለመምጠጫ መኪና የተተወ ነው። የወደቀ ሰው ቢኖር ከላይ ሆኖ በገመድ መሳብና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት እንጂ ተከትሎ መውረድ የለም። ውስጡን ለማየትም ሻማ ወይም ክብሪት አይለኰስም፤ ሽታ የሌለው ሜቴን በዚያ ይኖራልና። የቤት ባለቤት ራሱ የማይወርድበትን ጕድጓድ ድሀ ስለ ሆነ ብቻ ሌላው እንዲወርድበት ጥቂት ብር ቢሰጠው የከፈለው የሥራ ዋጋ ሳይሆን የደም ዋጋ ሊሆን ይችላል።

የቧንቧ ውሃ የሌለው ቤት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ደረቅ የሰገራ ጕድጓድ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ ቢጨመርበትና አፉ ቢከደን ሽታውም ዝንቡም ይቀንሳል። ለሴፕቲክ ታንክ ግን አመድ አይስማማውም፤ ወደ ታች ወርዶ ይሞላዋልና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓመታት በዛሬይቱ ዚምባብዌ በብሌር የምርምር ቤት ለደረቅ ጕድጓድ የተስማማ አሠራር ተገኝቷል። ከጕድጓዱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ቀጥ ብሎ ከጣራ በላይ ይወጣል፤ በጫፉም የማይዝግ ወንፊት ይደረግበታል። ነፋስ በቱቦው ጫፍ ላይ ሲያልፍ ከጕድጓዱ አየር ይስባል፤ ንጹሕ አየርም በሰገራ ቤቱ በር ገብቶ ወደ ጕድጓዱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሽታው ወደ ሰው አይመለስም። ቤቱ ጥቂት ጨለም ሲል በጕድጓዱ ያሉት ዝንቦች በቱቦው በኩል ወደሚታያቸው ብርሃን ይበርራሉ፤ በወንፊቱም ተይዘው ይሞታሉ። በዚህ አሠራር ቱቦው ክፍት ሆኖ እንዲስብ የጕድጓዱ አፍ አይከደንም። ለገጠር ትምህርት ቤት፥ ለጤና ኬላና ምእመናን ለሚበዙበት የደብርና የጠበል ሥፍራ ይህን የመሰለ ርካሽና የታመነ ሥራ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ከአንድ ሰው ግቢ አልፎ የጐረቤት ነገር ሆነ። ስለ ንጽሕና ማሰብ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስለው ሰው ቢኖር ኦሪት ዘዳግምን በ23ኛው ምዕራፍ ይመልከት። በሰፈር ያለ ሠራዊት ለመጸዳዳት ወደ ውጭ ሲወጣ መቈፈሪያ ይዞ እንዲሄድና ቈፍሮ እንዲከድን በዚያ ታዟል፤ ምክንያቱም ሰፈሩ የእግዚአብሔር መመላለሻ ስለ ሆነ ነው። የአገሪቱም ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለርስት በጐረቤቱ ላይ ከመልካም ጕርብትና ያለፈ ጭስ፥ ክፉ ሽታና ድምፅ እንዳያመጣ ይከለክላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ሽታው የገባበት ጐረቤት ሲናገር ነገረኛ ሊባል አይገባውም፤ መብቱን ተናገረ እንጂ።

ከዚህም የከፋ አንድ ልማድ አለ። ክረምት በገባ ጊዜ፥ ሌሊት ዶፍ ሲወርድ፥ የጕድጓዱን ፍሳሽ ወደ መንገድ ቦይና ወደ ወንዝ የሚለቁ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያደረገ ሰው የመምጠጫውን ዋጋ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃም ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ሌሊት የተለቀቀው እድፍ ቀን በሳሕን ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። መምጠጫ መኪናም ቢሆን የያዘውን በማጣሪያ ሥፍራ እንጂ በየገደሉ እንዳይደፋ መጠበቅ አለበት።

በዚህ ነገር የሹምና የካህን ድርሻ የየራሱ ነው። የቤት ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም የጣራውንና የመስኮቱን ልክ ሲመለከት የጕድጓዱን ሥፍራ፥ ከውሃ ያለውን ርቀት፥ የአየር ማስወጫውን ቁመትና መምጠጫ መኪና የሚገባበትን መንገድ አብሮ ሊመለከት ይገባዋል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ይህን ማረም እጅግ ይከብዳልና። ክስ ሲመጣለትም ሁለቱን ጐረቤቶች ከማጋጨት አስቀድሞ አምስቱን በሮች የሚያውቅ ሠራተኛ ይላክ፤ ብዙ ጠብ በአንድ ክንድ ቱቦ ያልቃልና። የንስሐ አባት ደግሞ ሹም በማይገባበት ቤት ይገባል። የብሮድ ጐዳናው ካህን ምስጢሩን ያገኙት በታመኑበት ደጅ ሁሉ ስለ ገቡ ነው። ስለ ሰገራ ጕድጓድ መናገር ነውር የሚመስለው ካህን ቢኖር፥ ነውሩ የጐረቤትን ውሃ ማበላሸትና ድሀን ወደማይወጣበት ጕድጓድ መስደድ መሆኑን ቢያስተምር ሕዝቡ ይሰማዋል።

የሽታ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ ከዕጣኑና ከሽቱው በፊት ጣሳ ውሃ አንሥቶ ወደ ሲፎኑ፥ ቀጥሎም ወደ ቱቦው፥ ወደ ክዳኑ፥ ወደ መዝገቡና ወደ አፈሩ ቢሄድ ምስክሩ የሚለውን ይሰማዋል። ምስክሩ ዝም ባለበት በጥልቁ ጕድጓድ ግን የማንም ልጅ አይውረድ።